ኳስ እንደ ከበሮ የተመታባት ከተማ

አንባቢ ሆይ፤ ዕድል ቀንቶህ ወደ አሜሪካ ብትሻገር ሰማይ ጠቀሱን ፎቅ ብቻ አይተህ አትመለስ። ከኢንዲያናፖሊስ ተነሥተህ በ40ኛው አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ተጓዝ። ናይትስታውን ከምትባል ትንሽ ከተማ ስትደርስ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተሠራ የስፖርት አዳራሽ ታገኛለህ። ኳስ ውሰድና ከእንጨቱ ወለል ላይ አንጥር፤ ድምፁንም ልብ ብለህ ስማ።

በ1986 የወጣው «ሁዝየርስ» የተባለው ፊልም ከተነሣባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ አዳራሽ ነው። ሁዝየር ማለት የኢንዲያና ሰው ማለት ነው። ፊልሙ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስ ትልልቆቹን እንዴት እንደረታ ያሳያል። ሐሳቡም ከእውነተኛ ታሪክ የተቀዳ ነው። በ1954 የ161 ተማሪዎች ትምህርት ቤት የነበረው ማይለን፣ እጅግ የሚበልጠውን ማንሲ ሴንትራልን 32 ለ30 አሸንፎ የክፍለ ሀገሩን ዋንጫ ወሰደ። ቦቢ ፕለምፕ የተባለው ተጫዋች በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በላይ ኳሱን ይዞ ቆመ፤ በኋላም ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንድ ሲቀር ወርውሮ አገባ።

የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ጄሪ ጎልድስሚዝ ነው። እርሱም የኦርኬስትራውን ድምፅ ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሐደ። ከበሮ ብቻ አልበቃውም፤ ኳስ በአዳራሽ ወለል ላይ ሲነጥር የሚሰጠውን ድምፅ አስቀርጾ የሙዚቃው ምት አደረገው። ስለዚህ ተመልካቹ ሳያውቀው ልቡ ከኳሱ ጋር ይመታል። ሥራው ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር።

ከዚያ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተመለስና በ1928 የተከፈተውን የሂንክል አዳራሽ ጎብኝ። የ1954ቱ ግጥሚያ የተደረገው፣ የፊልሙም የመጨረሻ ጨዋታ የተነሣው እዚሁ ነው። የገጠሮቹ ልጆች ሲገቡ ስፋቱ ያስደነግጣቸዋል። ጂን ሃክማን የሚጫወተው አሠልጣኝ ግን የሚያጽናና ንግግር አላደረገም፤ መለኪያ አውጥቶ አስለካቸው። ከቅጣት መወርወሪያው መሥመር እስከ ቅርጫቱ 15 ጫማ፣ የቅርጫቱ ከፍታ 10 ጫማ። ልክ እንደ መንደራቸው!

አንባቢ ሆይ፤ ሙዚቃ አዳራሹን ያገዝፈዋል፤ መለኪያ ግን እውነተኛውን መጠን ይነግርሃል። ከገጠር ትምህርት ቤት ወጥተህ ትልቅ ፈተና ወይም ትልቅ መሥሪያ ቤት ፊት ስትቆም ሁለቱንም ያዝ፤ ልብህን የሚያነሣሣውን ዜማና ቅርጫቱ ከፍ እንዳላለ የሚያሳይህን መለኪያ።