ዴዴሳን ወርዶ የሚወጣ መኪና

ነቀምቴ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቻርጁ ከሞላ ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። አዲስ አበባ ያለው ደላላ መልሱን አፉ ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «አምስት መቶ፣ እንደ አነዳድህ ስድስት መቶ።» ቁጥሩን ደላላው አልፈጠረውም፤ ቻይና ውስጥ በላቦራቶሪ፣ ለዘብ ባለ አነዳድ የተለካ ነው። ብቻ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ የጌዶ ዳገት የለም፣ የባኮ ቁልቁለት የለም፣ ዴዴሳም የለም።

ጥያቄው ለምን እንደበዛ ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ምርጫው ጠቧል። በ2017 ቤንዚን በሊትር ከ120 ብር አለፈ፤ እኛ ጋ ደግሞ በዚያም ዋጋ ማደያ ላይ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል፤ ያላገኘ በጀሪካን ከሚቸረችሩት ይገዛል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አይዲ ፎሩን፣ አይዲ ሲክሱን፣ ቢዋይዲውን መጀመሪያ የገዙት ሰዎች አሁን መሸጥ ጀምረዋል። ዋጋው ከአዲሱ ወረድ ይላል፣ መኪናው ያብረቀርቃል፣ ልብም ይሸፍታል።

እስከ ዛሬ ያገለገለ ቶዮታ ስንገዛ መኪናውን ብቻ አልነበረም የምንገዛው። ጊምቢ ያለውን መካኒክ፣ ባኮ መውጫ ላይ ያለውን ጎሚስታ፣ መርካቶ ያለውን የመለዋወጫ ነጋዴ አብረን ነበር የምንገዛው። ኮፋኖ ተከፍቶ፣ የሞተሩ ድምፅ ተሰምቶ፣ የማርሚታው ጭስ ታይቶ «ይሄ ሞተር ተከፍቷል» የሚል ሰው በየከተማው አለን። ኤሌክትሪክ መኪና ግን አይጮህም፣ አያጨስም፣ ዘይት አያንጠባጥብም። ደህናውም የታመመውም ዝም ነው። ስለዚህ በዓይንና በጆሮ የለመድነውን ምርመራ በሒሳብ መተካት ግድ ይለናል።

ከመንገዱ እንጀምር። አዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ዳገቱንም ሰዉንም ጭነቱንም ቆጥራችሁ በ100 ኪሎሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ብትይዙ 66 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋችኋል። አይዲ ፎር ክሮዝ በትንሽም በትልቅም ባትሪ ይመጣል፤ ትንሹ 57 ገደማ፣ ትልቁ 85 ገደማ ነው። ከውጭ ሲያዩት መኪናው ያው አንድ ነው። ባለ ትንሹ ባትሪ አዲስ እንኳ ሆኖ መንገድ ላይ ሳይሞላ ነቀምቴ አይደርስም። ትልቁም ቢሆን የተጻፈው ሁሉ ለመንዳት አይሰጥም፤ ከዚያ ላይ በእርጅና 15 ከመቶ ከጎደለበት ነቀምቴ የምትገቡት ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። በኛ በኩል ደግሞ መሽቶ መንገድ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለወለጋ ሰው አልነግርም።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ 110 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ፈተናው ግን ርዝመቱ ላይ አይደለም። ዴዴሳ ወንዝ ድረስ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ትወጣላችሁ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህ ለመንከባለል በሚፈጀው ላይ ተጨማሪ ነው። ደግነቱ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ይመልሳል። ባትሪው እስከ አፉ ከሞላ ግን የሚመለሰው ማስቀመጫ አያገኝም፤ የመኪናው ክብደት ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ቁልቁለት ከፊታችሁ ካለ 100 ሳትሞሉ ተነሡ። ስትገዙም በዳገትና ቁልቁለት ሞክሩት፦ እንጦጦን ውጡና ውረዱ፣ ፐርሰንቱን በየቦታው ጻፉ። ቦሌ መንገድ ላይ ደርሶ መመለስ ሙከራ አይባልም።

አሁን ባትሪው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ፐርሰንት ጤናን አይናገርም፤ የደከመ ባትሪም ሲሞላ 100 ይላል። ኪሎሜትሩ ትንሽ ስለሆነም አትጽናኑ፤ ባትሪ ቆሞም ያረጃል። ኮምፒውተር የሚያስገባ ባለሙያ ካገኛችሁ የባትሪውን ጤና በመቶኛ ያነብላችኋል። ካላገኛችሁም ቀላል መንገድ አለ። መኪናውን 20 ፐርሰንት አካባቢ ወዳለ ቻርጅ አውርዱትና የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር በሚያሳይ ፈጣን ቻርጀር ላይ እስከ 80 ሙሉት። ማሽኑ 42 አስገባሁ ካለ፣ ከ20 እስከ 80 ያለው የባትሪው 60 ከመቶ ነውና 42ን ለ0.6 ስታካፍሉ 70 ይመጣል። ከዚያ ላይ በሙቀት የሚባክነውን ትንሽ ቀንሱና መኪናው አዲስ ሳለ ከነበረው ጋር አወዳድሩ። ሻጩ ይህን ሙከራ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሻጩን ሌላም ጠይቁት፦ በየስንት ጊዜ እስከ 100 ትሞላው ነበር? የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ዓይነት ነው፤ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላቱ ፐርሰንቱ በትክክል እንዲነበብ ይረዳል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ ግን ለዘወትር 80 ላይ ማቆም ይመቸዋል፤ ሁሌ ሞልቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ቶሎ ይደክማል።

«ዜሮ ኪሎሜትር» ለሚባለውም ዓይናችሁን ክፈቱ። ቻይና ውስጥ ለሽያጭ ቁጥር ሲባል ተመዝግበው፣ ሳይነዱ እንዳገለገሉ ተቆጥረው ወደ ውጭ የሚሸጡ መኪኖች ጉዳይ በ2025 እ.ኤ.አ. እዚያው አገር ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። ዋስትናውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ምዝገባ ነው። ስለዚህ የተመረተበትንና የተመዘገበበትን ጊዜ ለየብቻ እዩ።

ቀጥሎ መኪናው በሊፍት ይነሣና ሆዱ ይታይ። ባትሪው ወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ በክረምት ወደ ቡና አገር የሚገባ ሰው የመሬት ከፍታው ያሳስበዋል፤ የባትሪው ሽፋን የተሰረጎደ ወይም የተበየደ ከሆነ ተዉት። የወንበሮቹ ሐዲድ ዝጎ፣ ምንጣፉ ሥር ጭቃ ካለ ውኃ ገብቶበት ያውቃል። የባትሪውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በቧንቧ ውኃ የሞላ ሰው ደግሞ ለራዲያተር የለመደውን አድርጓል፤ እዚህ ግን ይጎዳል። ብዙዎቹ ተጠባባቂ ጎማ የላቸውም። ጎሚስታው ክሪኩን የት እንደሚያስገባ እናንተው አሳዩት፤ ባትሪው ላይ ከተከለው ወጪው የጎማ አይሆንም። ሲበላሽም በገመድ ጎትቱት አትበሉ፤ ጭነት መኪና ላይ ይጫን።

ከመኪናው እኩል መመርመር ያለበት ቤታችሁ ነው። አብሮ የሚሰጠው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ሶኬት ላይ ተሰክቶ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢያስገባ ነው፤ 60 ለመሙላት ሙሉ ቀንና ሌሊት ሊወስድ ይችላል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 7 ኪሎዋት ሥራውን በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፤ ግን የራሱ ብሬከርና ባለ 6 ካሬ ሽቦ ይፈልጋል፣ ቆጣሪያችሁም መቻሉን ባለሙያ ይንገራችሁ። ኧርዝ የሌለው ቤት ላይ ብዙው ቻርጀር አልጀምርም ይላል። ማታ ማታ መብራት በሚደክምበት ሰፈርም ቮልቴጁ ሲወርድ ያቋርጣል። የፊንጫ ግድብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአገር ኃይል ሲያመነጭ ኖሯል፣ ሕዳሴውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ የናንተን መኪና የሚሞላው ግን የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት መቼ እንደሚጠፋና መቼ እንደሚደክም መዝግቡ።

የቻርጅ አፉንም አትርሱ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ ቱ ነው። መንገዳችሁ ላይ ያለው ቻርጀር የትኛውን እንደሚይዝ ደውላችሁ አረጋግጡ። ፈጣኑንም ቀርፋፋውንም መሰኪያ ሻጩ ፊት ሞክሩ፤ አንዱ ብቻ የሚሠራ መኪና አለ።

ወረቀቱ የለመዳችሁት ነው፦ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬውና ከዲክላራሲዮኑ ጋር ይመሳከር፣ የባንክ ዕዳና እገዳ ይጣራ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

የኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ውሎው ነቀምቴ ውስጥ ሆኖ አንዳንዴ ባኮ ወይም ጊምቢ የሚደርስ፣ ግቢ ያለው፣ ኧርዝ ያስገባ ሰው ጤነኛ ባትሪ ካገኘ ይግዛ፤ ከቤንዚን ሰልፍ ይገላገላል። በየሳምንቱ ደምቢ ዶሎ የሚመላለስ ነጋዴ ግን በመንገዱ ላይ አስተማማኝ ቻርጀርና ባለሙያ እስኪኖር ቢታገሥ ይሻለዋል።

ይህን መንገድ በኤሌክትሪክ መኪና የነዳችሁ ደግሞ ጻፉልን፦ ሞዴሉ፣ ስንት ሰው እንደጫነ፣ ከየት በስንት ፐርሰንት ተነሥቶ የት በስንት እንደደረሰ፣ ወቅቱ በጋ ይሁን ክረምት። ሃያ ሰው ቁጥሩን በሐቅ ከጻፈ ቀጣዩ ገዢ ደላላ ፊት ሲቆም የራሱ አገር መለኪያ ይኖረዋል።