ያለ ቀጠሮ የምንገናኝባቸው ምሽቶች

ዋሽንግተን ውስጥ ዓርብ ማታ ወጣ ለማለት መጀመሪያ ስልክ ይደወላል። ማን ስንት ሰዓት ከሥራ ይወጣል? ማን ቅዳሜ ማለዳ ይገባል? ልጆቹን ማን ይይዛል? መኪናውስ የት ይቆማል? አንዱ ከአሌክሳንድሪያ፣ አንዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ከዚያም ርቆ ይመጣል። ሁሉም ተሰባስቦ ዩ ስትሪት አካባቢ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሲደርስ ምሽቱ ተጋምሷል። ክትፎው ጥሩ ነው፤ ማሲንቆ የሚጫወትልን ባለሙያም አይጠፋም። ወገኖቻችን እዚህ ሀገር ለፍተው ያቆሟቸውን ቤቶች አከብራቸዋለሁ፤ ብዙውን ሰው ከብቸኝነት አውጥተውታል። እኔ የሚናፍቀኝ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ማታ ስወጣ ማንንም አልቀጥርም ነበር።

ጃኬት ደርቦ መውጣት ብቻ ነው። የት እንደሚገኙ ይታወቃል። እዚያ ባይኖሩ እንኳ አስተናጋጇ ገና ከበሩ ላይ ስታይህ፣ «አሁን ወጡ፤ ወደ ታች ነው የሄዱት፣ ሩጥ ትደርስባቸዋለህ» ትልሃለች። ማን እንደታመመ፣ ማን ደመወዝ እንደተቀበለ፣ ማን ከፍቅረኛው ጋር እንደተኳረፈ እዚያው ይሰማል። ቤቱ ራሱ ቀጠሮ ነበር።

ከእኛ በፊት የነበሩት የራሳቸው ሌሊት ነበራቸው። አጎቴ የሚያወራው ስለ ውቤ በረሃ ነው፤ በንጉሡ ዘመን የፒያሳ ልጅ ሲመሽ የሚወርድበት ሰፈር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። በዚያ ዘመን ያልኖረ ሰው ከተማዋ ፀጥ ብላ ታድር ይመስለዋል። አጎቴ እንደሚነግረኝ ግን፣ እላፊው ሳይደርስ ሆቴል የገባ ሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ መውጫ የለውምና እስከ ንጋት ሲጨፍር ያድራል። ሒልተን ዋልያስ ባንድ፣ ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ፣ ግዮን ዳህላክ ባንድ ነበሩ። ሙዚቀኞቹም ከእንግዳው እኩል ታስረዋል፤ ሲነጋ ነው ሁሉም ወደየቤቱ የሚሄደው። ውጭ ያለው ፍርሃት ልብ ያደርቅ ነበር። ውስጥ ያሉት ለአንዲት ሌሊት እርስ በርስ ተጠባብቀው ያድራሉ።

ከዋልያስ የኪቦርድ ተጫዋቾች አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ መጥቶ ሲዞር ኃይሉ እዚሁ ዋሽንግተን ቀረ፤ ለብዙ ዓመታትም ታክሲ ነዳ። ደንበኛ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭው ዓለም አገኘውና ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከዱለስ አየር ማረፊያ በእሱ ታክሲ ተሳፍሮ ሻንጣውን ያስጫነ ስንት የሀገሬ ሰው፣ በወጣትነቱ ሒልተን ያስጨፈረውን ሰው ሳያውቀው ሒሳቡን ከፍሎ እንደወረደ ሳስብ አንጀቴን ይበላዋል።

የእኛ ሌሊት ካዛንቺስ ነው። ደርግ ወድቆ፣ ሰዓት እላፊውም ተነስቶ፣ አዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን የፈሉበት ጊዜ ነበር። ከፒያሳ ተነስተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ በብሔራዊ ቴአትር፣ በስታዲየም አድርገን መስቀል አደባባይ እንደርሳለን፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ካዛንቺስ። ለታክሲ የሚሆነውን ለቢራ ስለምናስቀምጥ በእግር ነው። መንገዱም ከምሽቱ ይቆጠራል፤ የምር ወሬ የሚወራው እየተራመዱ ነው።

አዝማሪ ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ተራ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ነው። መጋረጃውን ገልጠህ ስትገባ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ግድግዳው ላይ ሰፌድና አገልግል ተሰቅሏል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ዱካ ስለሆነ ጉልበትህ ከማታውቀው ሰው ጉልበት ይገጥማል። መብራቱ ቀይ፣ ቤቱ ሙቅ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በሰዉ መሀል እየተሽሎከሎከ ይዞራል፤ ዘፋኟ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ ትከተለዋለች። ስምህን ከጎንህ ካለው ሰው ሹክ ያስብላል፤ ከዚያ ስለ ጫማህ፣ ስለ ፀጉርህ፣ ስለተጣበቀችብህ ልጅ ይነግርሃል። ባለ ገንዘብ ገባ፣ ባለ ሥልጣን ገባ፣ ከምላሱ የሚተርፍ የለም። የወደደው ሰው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል።

አንድ ማታ አምስት ሆነን ገብተን ኪሳችን ውስጥ ያለው አንድ ቢራ ብቻ የሚገዛ ነበር። አዘዝን፤ ብርጭቆ ጠይቀንም ተካፈልን። አዝማሪው አየን። ማሲንቆውን ሁለት ጊዜ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ፊታችን ቆመና፦

አምስት ሆነው ገብተው አንድ ቢራ አዘዙ፣
ፍቅር ነው እንዳልል ኪሳቸውን ያዙ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከመሀከላችን አፈ ቀላጤው ብድግ ብሎ «ተቀበል!» አለው፤ ደመወዝ ሲወጣ ግንባሩን በብር እንደሚያለብሰው የሚያስታውቅ ግጥም አቀበለው። አዝማሪውም ግጥሙን ሳያዛባ ዘፈነለት። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ በዕድሜ የገፉ ሰው አስተናጋጇን ጠርተው «ለእነዚህ ልጆች አምጪላቸው» አሏት። አምስት ቢራ መጣ። ብድግ ብለን እጅ ነሳን፤ እሳቸው «ቁጭ በሉ፣ ኧረ በጊዮርጊስ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ዘፋኟ መለሱ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላወቅነውም። በሌላ ጊዜ ስናገኛቸው ግን «ደመወዝ ወጣ ወይ?» ይሉናል።

ሌሊቱ ሲገፋ ዱለት ወይም ፍርፍር ቢጤ ለአምስት ቀምሰን እንወጣለን። በር ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው እሳት የሚሞቁትን ዘበኛ «አባባ፣ ደህና ይደሩ» ብለን ቁልቁለቱን እንወርዳለን። አንዳንዴ እስጢፋኖስ አጠገብ ስንደርስ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን የሚገሰግሱ እናቶች ያጋጥሙናል። ያን ጊዜ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መንገድ እንለቅላቸዋለን። እነሱም «እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ» ብለውን ያልፋሉ። አንድ ጎዳና ላይ የእኛ ሌሊትና የእነሱ ማለዳ ተላልፈው ይሄዳሉ፤ አንዱ በሌላው አይቆጣም።

ከዚያ ወዲህ የማታ ቤቶቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል የጃዝ ቤቱ ጃዛምባም አብሮ ነደደ። እሳት ነው፣ ምን ይባላል። በ2016 ዓ.ም. ግን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ደረሰና ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። 2017 ሲገባ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በልጅነቱ ለሽልማት እየጨፈረ ያደገበት፣ እዚያው እያደረ በኋላም ተረክቦ የባህል ማዕከል ያደረገው አዝማሪ ቤት፣ ፈንዲቃ እንኳ ከሰፈሩ ተነሳ።

እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ከእነዚያ ሰፈሮች ብዙዎቹ ቤቶች ያረጁ ነበሩ፤ አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ እንደነበረ ረስቼ አልናፍቅም። መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መብራቱን የሚጠላ የለም። የምከራከረው ስለ ሰዎቹ ነው። የካዛንቺስ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላውም ዳር ተወሰደ። ዘፋኟ እዚያ፣ ማሲንቆ መቺው እዚህ፣ ዱለት የምትሠራው እናት ሌላ ቦታ ሆኑ። አዝማሪ ቤት ግድግዳ ተለክቶ ሌላ ቦታ ቢተከል አይሠራም፤ የሚሠራው አዝማሪው ሰፈሩን፣ ሰፈሩም አዝማሪውን ሲያውቅ ነው። ስለ እኛ አንድ ቢራ ሊገጥም የቻለው እኮ ማን እንደሆንን ስላወቀ ነው። ይህን ትውውቅ በሰነድ ይዞ ካሳ የሚከፍል ማንም የለም።

እዚህ ያለነው የዚያን ጊዜ ልጆች ባለፈው ክረምት አንድ ሥራ ጀምረናል። ትልቅ ወረቀት አንጥፈን፣ የካዛንቺስን አዝማሪ ቤቶች ከላይ እስከ ታች በየተራቸው እየሳልን ነው፤ የቤቱ ስም፣ የባለቤቷ ስም፣ ማን እንደሚጫወትበት፣ ሲነጋ ምን እንደሚበላ። ስንከራከር እናመሻለን። አንዱ ከጠጅ ቤቱ ቀጥሎ ፀጉር ቤት ነበር ይላል፤ ሌላው የለም፣ ልብስ ሰፊ ነው ይላል። ያልተስማማንበትን በእርሳስ፣ የተስማማንበትን በእስክሪብቶ እንጽፋለን። ወረቀቱ ላይ አሁንም የበዛው እርሳስ ነው። አዲስ አበባ ለቀሩት ጓደኞቻችን ፎቶ እያነሳን ልከንላቸዋል። ዘፋኞቹን በየሄዱበት ፈልገው እንዲያሳዩአቸው፣ የጎደለውንም በእነሱ አፍ እንዲያስሞሉልን ለምነናቸዋል።