ሜዳ ፍለጋ

መቼም አገራችን ዕቅድ አጥሯት አያውቅም። ሰቆጣማ የአሥራ አምስት ዓመት ዕቅድ በስሟ ወጥቶላታል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ያወጀው፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ነው። ቃል ኪዳን በስሟ የተገባላት ከተማ ግን ከአዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ሳይኖራት ዛሬም አለች። «ውሃው ሳይደርስ፣ ሐኪሙ ሳይበቃ፣ ስለ አውሮፕላን ማን ጠየቀህ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሱኝ፤ የማወራችሁ ስለ ሐኪሙም ነው።

አንድ ጊዜ ከሰቆጣ ስመለስ፣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ የታመመ ወንድሙን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። «ሪፈር» ተጽፎለት ነው። መኪናው በዞረ ቁጥር በሽተኛው ያቃስታል፤ ወንድሙ «አይዞህ፣ ደረስን» ይለዋል። ገና ግማሹንም አልሄድን። ይህችን «ደረስን» ሰምቼ ሰምቼ ሆዴ ተላወሰ። ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣

«አባቴ፣ እዚህ አገር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን የምታርፍበት ቢኖር፣ ይሄ ልጅ እንዲህ ይሰቃይ ነበር?» አልኳቸው።

«የት ላይ ነው የምታርፈው?»

«ሜዳ ይፈለግላታላ!»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ሜዳውማ የኔ ማሳ ነው ልጄ።»

እናንተዬ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህች መልስ ውስጥ አለች። ዋግን ያየ ያውቃል፤ ተራራው ከተራራ ተደግፎ የቆመበት፣ ገደሉ የማያልቅበት አገር ነው። በዚያ ላይ አውሮፕላንና የእርሻ በሬ የሚወዱት መሬት አንድ ዓይነት ነው። ለጥ ያለውን። አውሮፕላኗ ደግሞ ከበሬው ትብሳለች። አየሩ በሳሳ ቁጥር ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ትፈልጋለች። የሙያው ሰዎች ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከፍታ፣ በመንደርደሪያው ርዝመት ላይ 7 በመቶ ይጨምራሉ። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። ባሕር ዳርቻ 1,000 ሜትር የሚበቃት አውሮፕላን እዚህ ለከፍታው ብቻ 1,500 ሜትር ገደማ ትጠይቃለች። ሙቀቱና የመሬቱ ተዳፋት ገና አልታሰበም። በሁለቱም ጫፍ ኮረብታና ቤት እንዳይጋረጥባት፣ ነፋሱም በጎን እንዳይገፋት ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ መሬት በዋግ ስንት ቦታ ይገኛል? ከተገኘስ ያለ ባለቤት ይገኛል?

ጎረቤታችን ላሊበላ ጥሩ ትምህርት ናት። የድሮው ማረፊያዋ አፈር ስለነበረ ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጥ ነበር። ዘመናዊው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የተሠራው ከከተማዋ ሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ነው። አውሮፕላን ወደ ከተማ አይመጣም፤ ከተማው ወደ ሜዳው ይወርዳል።

ደግሞ ሁሉም ነገር በአስፋልት አይጀመርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የያዛቸው ዳኮታዎች መንገደኛውን በግራና በቀኝ አግዳሚ ላይ ደርድረው ዕቃውን መሐል ላይ ያስሩ ነበር። የሚያርፉባቸውም ቦታዎች ብዙዎቹ ሜዳ እንጂ ማረፊያ የሚባሉ አልነበሩም። ሰቆጣም ብትጀምር በጠጠር መንደርደሪያ ብትጀምር ምን አለበት? መድኃኒት ለምታመጣ፣ ቀዶ ጥገና ሐኪም ለምታደርስ፣ በሽተኛ ለምትወስድ አነስተኛ አውሮፕላን ጠጠሩ ይበቃታል። ከብት እንዳይገባበት አጥር፣ ጎርፍ እንዳይቦረቡረው ቦይ፣ የሚጠብቀው ሰው ይኑረው። አስፋልቱ፣ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ሊያይ የሚመጣው ቱሪስትና የዋግ ማር ጭነት በኋላ ይደርሳሉ።

«ቅንጦት ነው» ለሚል ደግሞ 1977ን ላስታውሰው። በዚያ የረሃብ ዓመት የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች በወሎና በሰሜን ሸዋ ተራሮች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ እህሉን በጆንያ ከሰማይ ይጥሉ ነበር። የሚያርፉበት ስላልነበረ ነው። እርግጥ ማረፊያ ጦርነትን አያስቆምም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ በጦርነቱ ስትያዝ በረራዋ ተቋርጧል። በደህናው ቀን ያልተዘጋጀ ግን ለክፉው ቀን ከየት ያመጣል?

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። «ለበሽተኛው ብዬ መሬቴን እሰጥ ይሆናል» አሉኝ። «ግን ዛሬ አጥረው ወስደው፣ አሥር ዓመት ጦሙን ቢያሳድሩትስ? እኔም አላረስኩት፣ እነሱም አላረፉበት።»

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሱትም። ታጥሮ ሣር የበቀለበት፣ የመሠረት ድንጋዩ ብቻ የቆመበት መሬት በየከተማችን አይተናል። ስለ ካሣው ሕጉ ተሻሽሏል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመት ገቢውን አሥር እጥፍ ይከፍል ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። መልካም ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እዩት፦ ማረፊያው ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ይታቀዳል፤ ገበሬው የአሥራ አምስት ዓመት ብር ተሸክሞ ይወጣል። ብሩ እንደ ማሳው ለልጅ ልጅ አይወረስም፤ ገበያው ይበላዋል።

ስለዚህ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ካርታ መሳል ብቻ መስሎ አይታየኝም። ሜዳው ዛሬ ተለክቶ ይታወቅ፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ቤት ሳይሠራበት ይከለል። ቁፋሮው እስኪጀመር ግን ባለቤቱ ይረስ፣ ይዝራ፣ ይጨድ። ቀኑ ሲደርስ ከብሩ ጋር ምትክ መሬት ይፈለግለት፤ ልጆቹም በጥበቃው፣ በጭነቱ፣ በጥገናው ቅድሚያ ያግኙ። ይህ ሁሉ ገበሬው ሳይሰማው አዲስ አበባ ላይ ተጽፎ የሚያልቅ ሳይሆን፣ ከእሱ ጋር በዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ በአማርኛውም በኽምጣኛውም ተመክሮበት የሚጻፍ ይሁን።

ዕቅድ አውጪዎች ሆይ፣ አውሮፕላኗን ሜዳ ላይ አሳርፉልን፤ ገበሬውን ግን ሜዳ ላይ አታስቀሩብን።