አጣጣሉ አንድ፣ ስሙ ብዙ

አይኪዶ የሚሠራ ሰው ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ግር የሚለው ስሙ ነው። የባላጋራን እጅ ይዞ፣ በክንዱ ሥር አልፎ፣ ዞሮ ወደ ኋላው የሚጥለውን አጣጣል አንዱ ቤት «ሺሆናጌ» ይለዋል። ሌላው ቤት ያንኑ «ቴንካይ ኮቴጋኤሺ» ብሎ ይጠራዋል። ወደ ባላጋራ ጎን ገብቶ አንገቱን ወደ ትከሻ አስጠግቶ የሚጥለው በአንዱ «ኢሪሚናጌ» ነው፤ በሌላው «ኮኪዩናጌ»። ጣዩ ራሱ እንኳ እንደ ቤቱ ስሙ ይለያያል፦ «ናጌ»፣ «ቶሪ»፣ «ሺቴ»። (ቤት የምለው የዜማ ትምህርታችን የቤተልሔም ቤት፣ የቆማ ቤት፣ የአጫብር ቤት እንደሚባለው ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።)

ሰው ሁሉ ወዲያው የሚጠይቀው «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ይመስለኛል፦ ስሙን ማን አወጣው? ሲያወጣስ ዓይኑ ያረፈው የት ላይ ነበር?

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ወንጪ ላይ ያየሁት ነው። ወንጪን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው። ቁልቁል ሐይቁ ይታያል፤ በሐይቁ ውስጥ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ደሴት አለች። ከላይ ሣር ላይ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከአምቦ የተሰባሰቡ ልጆች ልምምድ ላይ ነበሩ። አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ያለከልካሉ። ፈረስ የሚያከራዩት የአካባቢው ወጣቶች ቆመው ሲያዩ ቆዩና አንዱ ለጓደኛው «ወልኣንሶ ነው» አለው። ትግል ማለቱ ነው። እሱ ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም።

ክርክሩ የተነሳው በልምምዱ መካከል ነው። ሁለት ልጆች አንድ አጣጣል ሠርተው በስሙ አልተስማሙም። አንዱ ሺሆናጌ ነው አለ፤ ሌላው አይደለም፣ የኮቴጋኤሺ ዓይነት ነው አለ። ከእነሱ በዕድሜ ከፍ የምትል ሴት ነበረች። ወደ መሐል ገብታ አንዱን «ወንድሜ፣ ነገሩን ተወውና እጄን ያዝ» አለችው። ሁለቱም ተራ በተራ ጣሏት። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አወዳደቆች አይለዩም። ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን ልዩነት ነበራቸው፤ ለእኔ የጉዳዩ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ሺሆናጌ ያለው ልጅ ሐሳቡ እግሩ ላይ ነበር፤ ወዴት እንደሚረግጥ፣ ወዴት እንደሚዞር። ስሙ «ወደ አራቱ አቅጣጫ መጣል» ማለት ነውና እግሩን አቅጣጫ ይመራዋል። ያኛው ደግሞ የእጇን አንጓ አልለቀቀም። የእሱ ቤት ስም አንጓው እንዴት እንደሚጠመዘዝ የሚናገር ነውና ሐሳቡ ሁሉ እዚያው አንጓው ላይ ነበር። ስሙ ከተባለ በኋላ የተማሪውን ዓይን ወስዶ አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ዓይኑ ያረፈበት ቦታ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሰውነቱን ይቀርጸዋል።

ስሞቹ ለምን ተለያዩ? የአይኪዶ መሥራች ሞሪሄይ ዌሺባ (እ.ኤ.አ. 1883–1969፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እ.ኤ.አ. በ1915 ሆካይዶ ደሴት ላይ ከታኬዳ ሶካኩ ጋር ተገናኘ። የተማረው ዳይቶ ሪዩ የሚባለውን ጥበብ ነበር። ዳይቶ ሪዩ የሚሰጠው በጥቅል ወረቀት በተጻፈ ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያው ዝርዝር 118 አጣጣሎችና አያያዞች አሉት። ዝርዝሩ በክፍል ተከፍሎ የመጀመሪያው ክፍል «ኢካጆ» ይባላል፤ አንደኛ አንቀጽ እንደማለት። በውስጡ 30 ያህል አሠራሮች አሉ፤ ሺሆናጌም ከእነሱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው አሠራር ግን «ኢፖንዶሪ» ይባላል። ዛሬ አይኪዶ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው «ኢክዮ»፣ ማለትም አንደኛው ትምህርት፣ የመጣው ከዚሁ ኢፖንዶሪ ነው። የክፍሉ ቁጥር ቀስ በቀስ የአንድ አሠራር ስም ሆነ ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ በተባለበት ቁጥር የምዕራፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢታሰብ ይህን ይመስላል።

ዌሺባ ራሱ ብዙ ጊዜ ስም ሳይጠራ አሳይቶ ያልፍ ነበር። ስሙን ያደራጁት ልጁ ኪሾማሩና ተማሪዎቹ ናቸው። ተማሪዎቹ ደግሞ በተለያየ ዘመን ገብተው በተለያየ ዘመን ወጥተዋል። ጎዞ ሺዮዳ (1915–1994) ከጦርነቱ በፊት የተማረ ሰው ነው። በ1955 የራሱን ቤት ዮሺንካንን ሲያቋቁም የድሮውን ስም እንደያዘ ቀረ። በዮሺንካን ዛሬም ኢካጆ፣ ኒካጆ፣ ሳንካጆ፣ ዮንካጆ ነው የሚባለው። አሠራሩ ወደ ፊት ሲሆን «ኢቺ»፣ ወደ ኋላ ሲዞር «ኒ»፣ አንድና ሁለት ይሉታል። በዌሺባ ዋና ቤት ይህ «ኦሞቴ» እና «ኡራ» ነው፤ የፊትና የጀርባ። ዮሺንካን የቶኪዮ ፖሊሶችን በጅምላ ያሠለጠነ ቤት ነውና ቁጥር መውደዱ አይገርመኝም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ ቁጥር ግልጽ ነው።

ኬንጂ ቶሚኪ (1900–1979) የጁዶው ጂጎሮ ካኖ ተማሪም ነበር። ካኖ ጁዶን አጣጣሎቹን መድቦ በቡድን ያስተማረ ሰው ስለሆነ ቶሚኪም አይኪዶን እንዲሁ መደበው። በእሱ ቤት መሠረታዊ አሠራሮች 17 ናቸው፤ 5 የመምታትና የመግፋት፣ 5 የክርን፣ 4 የአንጓ፣ 3 ባላጋራን ሚዛን አሳጥቶ የመጣል። ኢክዮ «ኦሺ ታኦሺ» ሆነ፤ ገፍቶ መጣል። ሺሆናጌ ደግሞ ከአንጓው ቡድን ገባና ቴንካይ ኮቴጋኤሺ ተባለ። ሳነበው በመጀመሪያ ደስ አላለኝም ነበር፤ ቅኔው የጠፋ ያህል ተሰማኝ። ነገር ግን ቶሚኪ ውድድር ያለው አይኪዶ ይፈልግ ነበር። ውድድር ካለ ዳኛ አለ፤ ዳኛ ካለ ምን እንደተሠራ በማያሻማ ቃል መለየት አለበት። ስሙ ከዚያ ፍላጎት ተወለደ።

ኮይቺ ቶሄይ (1920–2011) በ1974 ከዌሺባ ዋና ቤት ሲለይ የራሱን ስሞች ይዞ ወጣ። ሌሎች ኢሪሚናጌ የሚሉትን የእሱ ተማሪዎች ኮኪዩናጌ ይሉታል፤ የትንፋሽ አጣጣል። ኮቴጋኤሺ የሚባለውን፣ አንጓን መልሶ የመጣሉን አሠራር፣ «ኮቴኦሮሺ» አለው፤ ማውረድ። ይህ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ለውጥ ነው። «መልስ» የተባለ ተማሪ ይጠመዝዛል፤ «አውርድ» የተባለ ክብደቱን ወደታች ይለቃል። የባላጋራው አንጓ የትኛውን እንደሚመርጥ ተጥሎ የሚያውቅ ሰው አይስተውም።

ታዲያ የትኛው ትክክል ነው? ሺዮዳ የመጀመሪያውን ዘመን ቃል ጠበቀ። ቶሚኪ ለዳኝነት የሚመች ቃል ፈለገ። ቶሄይ በተማሪው እጅ ላይ ያለውን ኃይል መቀነስ ፈለገ። ሦስቱም ከአንድ መምህር ነው የተማሩት። ከሦስቱ አንዱን አስቀርቶ ሁለቱን ማጥፋት ማለት ሁለት ዓይኖችን ማጥፋት ነው።

በእኛ ከተሞች ከአይኪዶ ይልቅ የሚታወቀው ቴኳንዶ ነው፤ የስሙ ጠብም እዚያ ይብሳል። በ1966 በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የተመሠረተው ኢንተርናሽናሉ ፌዴሬሽን፣ በ1973 የተመሠረተው ወርልዱ፣ ሁለቱም አገራችን ውስጥ ተማሪ አላቸው። በአንዱ ቤት የሚሠራው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል «ቱል» ነው፤ ጀማሪው በ«ቾንጂ» ይጀምራል። በሌላው «ፑምሴ» ነው፤ ጀማሪው «ቴጉክ» አንድን ይማራል። የፊት ርግጫን አንዱ «አፕቻ ቡሲጊ» ሲል ሌላው «አፕ ቻጊ» ይላል። አምቦ ውስጥ ጥቁር ቀበቶ ያላቸው ሁለት ጎልማሶች «ያንተ ቴኳንዶ አይደለም» ሲባባሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። ጠቡ የተወለደው በሴኡል ቢሮዎች ነው። እዚህ አምቦ ጠበል ወርዶ አብሮ የሚታጠብ ልጅ ወርሶት ሊጣላበት አይገባም።

ደግሞም እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች ለሁለት ስም እንግዳ አይደለንም። አምቦ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ወሊሶ ደግሞ ጊዮን። ወንጪ በሁለቱ መካከል ነው። ሀገረ ሕይወት ብሎ የጻፈ ሹምና አምቦ ብላ ገበያ የወጣች እናት የተናገሩት ስለ አንድ ውኃ ነው፤ ግን ያዩት አንድ ነገር አልነበረም። በስሞቹ ውስጥ የነበረው ሥልጣን ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስም የሚያወጣ ሁሉ እኩል አይደለም። ለዚህ ነው በአይኪዶም «ማን አወጣው?» የሚለውን የማልተወው።

አይኪዶ ወደ አገራችን የመጣበት አንዱ መንገድም ሁለት ስም በነበረው ሰው በኩል ነው። «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ በ1965፣ «ትልቋ ኢትዮጵያ»ን በ1974 ያሳተመው የቺካጎው የሶሲዮሎጂ መምህር ዶናልድ ሌቪን፣ እኛ ዘንድ ጋሽ ሊበን፣ ጥቁር ቀበቶ ያለው የአይኪዶ ሰው ነበር። በዩኒቨርሲቲው የግጭትን ጽንሰ ሐሳብ ከአይኪዶ ጋር አጣምሮ ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹ ምንጣፍ ላይም ይወጡ ነበር። የመሠረተው አይኪ ኤክስቴንሽንስ የየትኛውም ቤት ሰው የሚሰባሰብበት ድርጅት ነው፤ የሐዋሳው የወጣቶች የአይኪዶ ቤትም ከዚህ ድርጅት ድጋፍ አግኝቷል። ሌቪን በ2015 ዐረፈ። «ትልቋ ኢትዮጵያ» ውስጥ አማራውንና ኦሮሞውን ሁለት የተለያዩ የኑሮ ሥርዓቶች አድርጎ ፊት ለፊት አቁሟቸው፣ ከዚያ አገሪቱን ከሁለቱ መጋጠም ሊያነባት ሞከረ። ባነበበበት መንገድ ሁሉ አልስማማም። ሁለቱን ለመረዳት ግን አንዱን በሌላው ቃል አልተረጎመም፤ ይህን አከብርለታለሁ።

ስለዚህ ለምታሠለጥኑ የምለምናችሁ ይህን ነው። የጃፓንኛውን ስም አትጣሉት፤ ልጁ ነገ ናይሮቢ ወይም ቶኪዮ ቢሄድ የሚያግባባው እሱ ነው። ስሙን ስትናገሩ ግን የየትኛው ቤት እንደሆነ ጨምሩ፤ «በዮሺንካን ኢካጆ ይባላል» በሉ። ከዚያ በልጁ ቋንቋ ሰውነቱ ምን እንደሚሠራ ንገሩት። በአማርኛ «አንጓውን አውርድ»፣ በኦሮምኛ «ገዲ»። አምቦ ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ የሚያሠለጥን ሰው አይቻለሁ፤ ልጆቹ አንዱን ትእዛዝ በሁለት ቃል ስለሚሰሙ ሁለት ጊዜ ያስተካክላሉ። መጀመሪያ «ዙር» ሲባሉ እግራቸውን፣ ከዚያ «ናኔሲ» ሲባሉ የያዙትን እጅ። ይህ ዕድል ቶኪዮም የለም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ለአንድ የጃፓን አጣጣል፣ ለኢክዮ፣ አራት ስም ቆጥሬ ጻፍኩ፤ ለራሳችን ትግል ግን በጽሑፍ የማገኘው ጥቂት ነው። ትግል በባህል ስፖርት ውድድሮቻችን ከገናና ከገበጣ ጋር አለ። እረኛ ሜዳ ላይ፣ በዓል ሲመጣ፣ ልጅ ሁሉ ታግሏል። እግር ጠልፎ መጣል፣ ወገብ ይዞ ማንሳት፣ ጭን ገብቶ መገልበጥ፣ እያንዳንዱ በየመንደሩ ስም አለው፤ የአንዱ መንደር ስም ከጎረቤቱ ይለያል። ጃፓኖቹ ልዩነታቸውን ያወቁት ስለጻፉት ነው።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በወሊሶና በወንጪ ዙሪያ ያደጋችሁ ሁሉ፦ ልጅ ሳላችሁ ስትታገሉ እያንዳንዱን አጣጣል ምን ትሉት ነበር? በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እንደሰማችሁት ጻፉልኝ። የመንደሩን ስም አትርሱ፤ ማን እንዳስተማራችሁም ጨምሩ፤ አጎት ይሁን፣ ታላቅ ወንድም ወይም የሠፈር እረኛ። ሁለት ሰው ለአንድ አጣጣል ሁለት ስም ቢልክልኝ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋቸዋለሁ።