ያረጀ ዝርዝር

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልገልጽላችሁ የተነሣሁት በገዛ ስሕተቴ የተማርሁትን አንድ ቁም ነገር ነው።

እንጅባራ በሚገኘው ቤታችን አጎቴ የሰጠን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። የሚሠራውም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በሚያሰናዱት ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ መሆኑን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ እጅግ ተደሰተ።

ለወላጆች ቀን የእንጅባራን የሌሊት ሰማይ ስቴላሪየም በተባለው ፕሮግራም ለማሳየት ለመምህራችን ቃል ገብቼ ነበር። እናቴም ድንች ሸጣ ካገኘችው ገንዘብ የአንድ ቀን የኢንተርኔት ጥቅል ገዛችልኝ። ሲናፕቲክ የሚባለውን የፕሮግራም ማስተዳደሪያ ከፍቼ ስቴላሪየም እንዲጫን አዘዝሁ። ጥቂት ከወረደ በኋላ ግን «404፤ አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ መልሱ ያው ነበረ። በዚህ መካከል ቀኑ መሸ፤ የተገዛውም ጥቅል ጊዜው አለፈ።

እኔም በንዴት ታናሽ እኅቴን «አንቺ ነሽ ነካክተሽ ያበላሸሽው!» ብዬ ተቈጣኋት። እርስዋም አንዲት ቃል ሳትመልስ አለቀሰች፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ላፕቶፑ አልቀረበችም።

በማግሥቱ ነገሩን ለመምህራችን ባስረዳኋቸው ጊዜ፥ «ዝርዝሩን ካደስኸው ስንት ጊዜ ሆነ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሲናፕቲክ የሚመለከተው በራሱ ዲስክ ላይ የተቀመጠውን የጥቅሎች ዝርዝር ነው እንጂ ሩቅ ያለውን ማከማቻ አይደለም። ስቴላሪየምም ብቻውን አይቆምም፤ የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎች አሉ። ማከማቻው ከእነርሱ አንዱን በአዲስ በተካ ጊዜ አሮጌውን ያነሣዋል፤ የእኔ ዝርዝር ግን ወደ ተነሣው ይልከኝ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበረ፥ ዝርዝሬ ከዚያ በፊት እንደ ነበረው ቀርቷል።

እናቴም ይህን ሰምታ፥ «ያምናውን ዋጋ ይዞ ዳንግላ ገበያ እንደ መውጣት ነዋ!» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

መምህራችን ስልካቸውን አገናኝተውልኝ በስተ ግራ ጫፍ ያለውን የማደሻ ቍልፍ ተጫንሁ። ይህ ብቻውን ምንም ፕሮግራም አይጭንም፤ ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ባዘዝሁ ጊዜ ሁሉም ያለ እንከን ወርዶ ተጫነ።

የዚያኑ ዕለት ማታ እኅቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። በወላጆች ቀንም ከዋክብቱን በስም እየጠራች ያሳየችው እርስዋ ነበረች፤ እኔም ከጎኗ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት በእጃችን ያለው ዝርዝር የመቼ እንደ ሆነ እንመርምር።