ሸክሙን ማን ይተርከው?

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በእኛ ሥራ አዲስ ምርት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ለጥቂት ሰዎች ይቀመሳል። ጣዕሙ እንዴት ነው? ማሸጊያው ዓይን ይስባል? በዚህ ዋጋ ትገዙታላችሁ? እያልን እንጠይቃለን፤ የሚሉትንም መዝግበን እንመለሳለን። ዘንድሮ ላስቀምሳችሁ የፈለግኩት ግን ብስኩት ወይም ሳሙና አይደለም። ረጅም ልብ ወለድ ለመጻፍ አስቤአለሁ። እስካሁን በእጄ ያለው ሐሳቡና በደብተር ላይ የጫርኳቸው 16 ገጾች ብቻ ናቸው። ከዚህ በላይ ከመሄዴ በፊት እናንተን ማማከር ፈለግኩ፤ ያስቸገረኝ የአጻጻፉ ነገር ብቻ አይደለምና።

ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴና ከአምስት ዓመት ልጃችን ጋር ወደ እንጦጦ ፓርክ ስንወጣ እናቴንም ይዘናት ሄድን። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከተመረቀ ወዲህ እኛ ደጋግመን ሄደናል። እናቴ ግን "እዚያ ምን አለኝ?" እያለች ትቀር ነበር። ያን ቀን የልጅ ልጇ እጇን ይዛ ስትለማመጣት እሺ አለች። ቡናችንን ይዘን ባህር ዛፎቹ ሥር እንደተቀመጥን ነጠላዋን አስተካከለችና ቁልቁል ወደ ከተማው አየች።

"ያኔ መንገዱ እንዲህ ሰፊ አልነበረም" አለች።

ከዚያ በእጇ እያመለከተች የት ጋ ያርፉ እንደነበር፣ የጥበቃ ሠራተኞች የት ጋ እንደሚጠብቋቸው፣ ክረምት ሲመጣ የትኛው ቁልቁለት እንደሚያንሸራትት ነገረችን። ባለቤቴ በሰባት ዓመት የትዳር ዘመናችን ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ልጄ ደግሞ፣ "እማማ፣ እዚህ ትሠሪ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት።

"አዎ የኔ እናት፤ መሥሪያ ቤቴ እዚህ ነበር" አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች።

ያደግኩት በየካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። እናቴ ከመንዝ የመጣችው በወጣትነቷ ነው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲሞት፣ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ወደ ጫካው መውጣት ጀመረች። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጅብ እየፈሩ ተጠራርተው ይወጣሉ። ቅጠሉንና ጭራሮውን ሰብስበው በገመድ ያስሩና በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። አንዱ ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ከያዛቸው ወይ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ወይ የለፉበትን ጥለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ካልያዛቸው ደግሞ ሾላ ገበያ ወይም በየሰፈሩ ዞረው ይሸጣሉ። በ2001 ዓ.ም. ሸክሙን ትታ እንጀራ እየጋገረች ማከፋፈል እስክትጀምር ድረስ ኑሯችን ይኸው ነበር። እኔ በቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪዬን እስክይዝ ያደረሰኝ፣ መጀመሪያ ያ ጀርባ፣ በኋላም ያ ምጣድ ነው።

ስለ ዛፉ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ የአካባቢው ጫካ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እዚያ ግንባታ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ካተረፏት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት እንኳ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። ዛፉ ከተማዋን አቆማት እንላለን፤ ነገር ግን ዛፉ በራሱ እግር ከተራራ አይወርድም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እስከ ምድጃችን ያደረሱት እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች ናቸው። እንጀራችን የተጋገረው በእነሱ ጀርባ በመጣ ቅጠል ነው። የልብ ወለዱ ሐሳብ የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። አንዲት ወጣት በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ስለ እንጦጦ የቀን መቁጠሪያ እንድታዘጋጅ ትታዘዛለች። ከቀረቡላት የቆዩ ፎቶግራፎች መካከል አለቃዋ አንዱን ይወድደዋል፤ በሸክም የጎበጠች፣ ፊቷ በግማሽ የሚታይ ሴት ናት። ወጣቷ ፎቶውን ስታየው የገዛ እናቷ ሆና ታገኛታለች። ስብሰባው ላይ ሁሉም "እንዴት ያለ ውብ ፎቶ ነው!" እያለ ያደንቃል። እሷ ወይ "እናቴ ናት" ማለት አለባት፣ ወይ እንደ ልጅነቷ ዝም ማለት።

"እንደ ልጅነቷ" ያልኩት ከራሴ ሕይወት የወሰድኩት ስለሆነ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እናቴ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሸክሟን ይዛ ከፊት ለፊታችን ስትመጣ አየኋት። አንዷ ጓደኛዬ፣ "እነዚህ ሴትዮዎች አያሳዝኑም?" አለች። "ያሳዝናሉ" አልኩ። አልፌያትም ሄድኩ። እናቴ አይታኝ እንደሆነ አላውቅም። በሸክም ያጎነበሰ ሰው የሚያየው መሬቱንና የሰው እግር ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። ማታ ቤት ስገባ እንደ ወትሮው እራቴን አቀረበችልኝ፤ ስለ ቀኑም አንድም ነገር አልተነሣም።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ልብ ወለድ የምታውቀው ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ሰምታ ነው፤ ዛሬም ስለ ሰብለ ወንጌል ስታወራ የጎረቤት ልጅ ያገባች ይመስላታል። ስለዚህ 16ቱን ገጾች አንድ እሑድ ቡና እያፈላች ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የመንገዱ ትዕይንትም አለበት፤ ግን እናቲቱ ልጇን እንዳላየቻት አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ መጀመሪያ ያለችው፣ "እኛ እንዲህ አላለቀስንም" ነው። "ስንወጣም ስንወርድም እንስቅ ነበር እኮ። ያቺ ጎረቤታችን ስታሾፍ ሸክም ያስጥላል። ደግሞ ዕቁባችንን የት ጣልሽው? የደብተርሽን፣ የዩኒፎርምሽን ያወጣሁት ከዕቁብ ነው።" እውነቷን ነው። ሴቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማሳዝናቸው እንጂ የማውቃቸው አላስመሰልኳቸውም። ሳላውቀው እንደዚያች ጓደኛዬ ነበር የጻፍኩት።

ቶናውን ቀድታ ከሰጠችኝ በኋላ፣ "የልጅቷ ጫማ ምን ዓይነት ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አልጻፍኩትም" አልኳት።

"ጻፊው እንጂ" አለችና ለበረካው ጀበናውን መልሳ ጣደችው። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍኩም።

ውድ አንባብያን፣ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፣ ታሪኩን ማን ይተርከው? በልጅቷ አንደበት ብጽፈው ይቀለኛል፤ ሐፍረቱን ስለማውቀው። ነገር ግን በዚያ መንገድ እናቲቱ ዳግም የሌላ ሰው ፎቶ ሆና ትቀራለች ብዬ እሰጋለሁ። በእናቲቱ አንደበት ልጻፈው ካልኩ ደግሞ ሳቁን፣ ዕቁቡን፣ የቁልቁለቱን ድካም ከእሷና ከጓደኞቿ ቁጭ ብዬ መማር አለብኝ። እናንተ የማንን ድምፅ መስማት ትፈልጋላችሁ?

ሁለተኛው፣ እናቲቱ ልጇን አይታታለች ወይስ አላየቻትም? ካየቻት ልብ ወለዱ ይህን በግልጽ ይናገር፣ ወይስ በእኛ ቤት እንደሆነው ሁለቱ ሳይነጋገሩበት ይቅር? ወላጆች የሆናችሁ፣ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ለልጃችሁ ትነግሯት ነበር?

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። እናቴ "ስሜን አታውጪ እንጂ ጻፊው" ብላኛለች። ከጓደኞቿ አንዷ ግን ሐሳቤን ስነግራቸው፣ "የኔ ልጆች ይህን አያውቁም፤ እባክሽ ተይን" አሉኝ። ዛሬም በእንጦጦ ግርጌ ሸክሙን ትተው በሽመና የሚተዳደሩ፣ ያለፈውንም በኩራት የሚናገሩ ሴቶች አሉ። እኒያ እናት ግን ስሙን እንኳ መስማት አይፈልጉም። ስምና ሰፈር ብቀይር ይበቃል? ወይስ የአንዷ "ተይን" ማለት የሁሉንም ታሪክ ማስቆም አለበት?

የባለሙያ ወጌን ልተወውና አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ የልጄ መምህርት፣ ልጆቹ ስለ አያቶቻቸው ሥራ እንዲናገሩ ጠይቃቸው ነበር። አንዱ ሐኪም፣ ሌላው ነጋዴ ሲል የኔዋ ተነሥታ፣ "የእማማ መሥሪያ ቤት እንጦጦ ነበር፤ እንጨት ትሸከም ነበር" ማለቷን መምህርቷ ነገረችኝ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ነበር። በ32 ዓመቴ አሁንም ደነገጥኩ። መጽሐፉ የሚጻፍ ከሆነ ከዚህ ድንጋጤ መጀመር ያለበት ይመስለኛል።

አስተያየታችሁን ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ብትልኩልኝ ይደርሰኛል። "ይህ ሐሳብ አይሆንም" የምትሉ ካላችሁም ምክንያታችሁን አትደብቁኝ፤ መጥፎ አስተያየት መቀበል ሥራዬ ነው። በተለይ እናታችሁ፣ አያታችሁ ወይም አክስታችሁ ያንን ቁልቁለት የወረዱ ከሆነ፣ ከመጻፋችሁ በፊት እሳቸውን ጠይቁልኝ። እኔም እስከዚያው ድረስ አንድ የቤት ሥራ አለብኝ፤ የልጅቷን ጫማ መጻፍ።