አፍደም ላይ ያልጨረስነው መጽሐፍ

ወደ አፍደም ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት ነበሩ። ልብሴን ቀንሼ ነው ያስገባኋቸው። አባቴ 84 ዓመቱ ነው። ሐኪሞች ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ብርሃኑን ቀስ በቀስ ሲወስድበት ቆይቶ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ፊደል መለየት አቃተው። ስልክ ስደውልለት ግን ስለ ዓይኑ ብዙም አያወራም። «ስትመጪ የሚነበብ ነገር ይዘሽ ነይ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ» አለኝ። የሥራ ፈቃዴ አጭር ስለነበር አፍደም የማድረው አራት ሌሊት ብቻ ነው። ለአራት ሌሊት የሚሆን መጽሐፍ መምረጥ ቀላል መስሎኝ ነበር።

አፍደም በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኝ የባቡር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሚኤሶንና ሙሉን አልፎ ያገኛታል፤ ወደ ድሬዳዋ ሲቀጥል ደግሞ ቢኬ፣ ጎታ፣ ኤረርና ሁርሶ ይከተላሉ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አፍደምም በእነዚህ ዓመታት መካከል በሐዲዱ ዳር የተተከለች ጣቢያ ናት። ከበስተጀርባዋ በስሟ የሚጠራው ተራራ፣ ዙሪያዋን ግራርና አቧራ፣ ከላይ ደግሞ የማይምር ፀሐይ አለ።

የተወለድኩት እዚህ ነው። በልጅነቴ ጣቢያ ማለት ገበያ ማለት ነበር። ባቡሩ ፉጨቱን ሲያሰማ የግመል ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከኤረር የመጣ ብርቱካን የያዙ ሴቶች በየመስኮቱ ሥር ይሯሯጡ ነበር። አሮጌው ሐዲድ አሁን ዝም ብሏል። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም በአፍደም በኩል ያልፋል። ዕቃ የጫነው ረጅሙ ባቡር ሲመጣ አባቴ ወሬውን አቋርጦ ጆሮውን ያቀናና በድምፁ ብቻ ፉርጎዎቹን ይቆጥራል። ሲጨርስ «ዛሬ ከትናንት ይበልጣል» ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ።

አባቴ ጣቢያው ውስጥ ጸሐፊ ነበር። መንገደኛ ረስቶት የወረደ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ እስኪመጣ እሱ ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። ጃንጥላ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንዳንዴም መጽሐፍ። ጃንጥላውን አይነካውም፤ መጽሐፉን ግን ያነበዋል። ባለቤቱ በሚቀጥለው ባቡር ሊመጣ ስለሚችል ማታውኑ ይጀምራል፣ በፋኖስ ያመሻል። የታሪክ መጽሐፍ፣ የመርማሪ ልብ ወለድ፣ የእርሻ ማስተማሪያ ሁሉ በዚህ መንገድ አልፎበታል። «አንድ ጊዜ 40 ገጽ ሲቀረኝ ሰውየው መጣ። እንዴት እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አላውቅም» እያለ ይስቃል።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አባቴ በሕይወቱ መጽሐፍ መርጦ አያውቅም፤ ባቡሩ የጣለለትን ነው ያነበበው። ሊመርጥ የሚችልበት ጊዜ የመጣው ዓይኑ ከሄደ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ማታ ሦስቱን መጻሕፍት ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንድ በአንድ እያነሳ መዘናቸው፣ ጀርባቸውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «የእያንዳንዱን መጀመሪያ አንብቢልኝ» አለ።

አንደኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ በየቤቱ የገባ መጽሐፍ ስለሆነ፣ አባቴ ይህን ይመርጣል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ገና ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እጁን አነሳ። «ይህንንስ ወጋየሁ ንጋቱ አንብቦልኛል» አለ። እውነቱን ነው። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው የጣቢያው ሠራተኞች በሙሉ አንድ ሬዲዮ ከብበው ይሰሙ ነበር። «አትቀየሚኝ ልጄ፤ ከእሱ በኋላ አንቺን መስማት ይከብደኛል» አለኝ። እኔም ሳቄ መጣ እንጂ አልተቀየምኩም።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ነው። ይህን የያዝኩት ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካነበብን በአራት ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። አባቴ መጀመሪያውን በጥሞና ሰማ፤ ወደደውም። «ጥሩ ነው» ብሎ ግን ጎኑ አስቀመጠው።

ሦስተኛው ከሁሉም የወፈረው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነበር። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችውን ልብ ወለድ ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን ነው ወደ አማርኛ የመለሰው። የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው። ደብተር ስላልነበረው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ጻፈው። 3,000 ያህል ወረቀት እንደፈጀ ይነገራል። ወረቀቶቹም በድብቅ ከእስር ቤት ወጥተው ኋላ መጽሐፍ ሆኑ።

ይህን ስነግረው አባቴ ዝም አለ። ቆይቶ «በሲጋራ ወረቀት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲያጨስ በነበረበት ዘመን እሱም የባቡሩን ሰዓት በሲጋራ ፓኬት ጀርባ ይጽፍ ነበር፤ ምን ያህል ቃል እንደሚይዝ ያውቀዋል። በጣቱ አየር ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሠራና «ሦስት ሺህ» አለ። «በይ ይህንን እናንብብ።»

«አባባ፣ እኮ አራት ሌሊት ነው ያለኝ። ግማሹንም አንደርስ።»

«ማን ይለቅ አለሽ?»

ጀመርን። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳው ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ጎረቤታችን ወተት የበዛበት ሻይ ታመጣለች፤ የ11 ዓመት የልጅ ልጇም ተከትላት ትመጣለች። ልጅቷ አባቴን «አዎዌ» ነው የምትለው፤ በሶማልኛ አያቴ ማለት ነው። በትምህርት ቤት የምትማረው በሶማልኛ ቢሆንም አማርኛውን ከአባቴ ጋር እያወራች አቀላጥፋዋለች። ሳነብ ከሻይ ሲኒው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ትሰማለች።

በሦስተኛው ማታ አቋረጠችኝ። «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የእኛ አገር ሰው አለ?»

ታሪኩ ስለ አሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ነው። የለም አልኳት። ሻንጣዬ ውስጥ ካሉት ሦስት መጻሕፍት አንዱም ስለ እሷ አገር የሚያወራ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። አፍደም ተወልጄ፣ ወደ አፍደም ስሄድ የአፍደምን ልጅ አላሰብኳትም።

አባቴ «እንግዲያውስ አንቺ ንገሪን» አላት።

ልጅቷ ተስተካክላ ተቀመጠችና «ሼኮ ሼኮ» አለች። አባቴ ፈጠን ብሎ «ሼኮ ሐሪር» ብሎ መለሰላት። የእኛ «ተረት ተረት» እና «የላም በረት» መሆኑ ነው፤ የእነሱ መልስ ግን ታሪኩን የሐር ታሪክ ይለዋል።

የጅግጅጋውን ገራድ ዊልዋልን ተረት ነገረችን። የጅግጅጋ አየር ማረፊያ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዊልዋል አንድ ቀን ሰዎቹን ሰብስቦ፣ ሰውን ከሰው የሚያጣላውንና የሚያስማማውን የበግ ሥጋ አምጡልኝ አላቸው። ሀብታሞቹ ጉበቱን፣ ጎድኑን፣ የሰባውን ሥጋ አመጡ። የአንድ ድሀ ልጅ ግን አባቷን ጉሮሮውን እንዲወስድ መከረችው። ሰው ለጉሮሮው ሲስገበገብ ይጣላል፤ ያለውን ተካፍሎ ሲበላ ደግሞ ወንድማማች ይሆናል። ዊልዋልም መልሱ የልጅቷ መሆኑን አወቀ። የ11 ዓመቷ ተራኪያችን ይህን ቦታ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

እኔም በፈንታዬ ስለ ኑረዲን ፋራህ ነገርኳት። በዓለም የታወቀው ይህ ደራሲ ያደገው በዚሁ በሶማሌ ክልል፣ ቀላፎ ውስጥ ነው። እናቱ ግጥም በቃሏ የምትገጥም ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው የመጀመሪያው ልብ ወለዱ የማትፈልገውን ጋብቻ ሸሽታ ስለጠፋች የአርብቶ አደር ልጅ ይተርካል። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትንሽ መጠበቅ ይኖርባታል። «ስታድጊ ታነቢዋለሽ» ስላት «ለአዎዌም አነብለታለሁ» አለች።

መጽሐፍ ስንመርጥ ብዙዎቻችን ዝናውን ወይም ስንት ጊዜ እንደታተመ እንጠይቃለን፤ እኔም ሻንጣዬን የሞላሁት እንደዚያ ነበር። አፍደም ላይ ግን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ አብሮን የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው እንደሆነ ተረዳሁ። ለአባቴ የጻፈው ሰው እጅ ያስፈልገው ነበር፤ ለልጅቷ ደግሞ የአገሯ ሰው። ቤታችሁ ዓይኑ የደከመ አያት ካለ፣ መጽሐፉን እናንተ መርጣችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ሁለት ሦስቱን አቅርቡለትና የእያንዳንዱን መጀመሪያ አንብቡለት። ዓይኑንም ሳይመሽ አስመርምሩት። የዓይን ግፊት አንዴ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን የቀረውን ማቆየት ይቻላል። እኛ ዘግይተናል።

በአራተኛው ሌሊት መጨረሻ ገና ሩብ እንኳ አልደረስንም። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሲጠብቀኝ መጽሐፉን በአባቴ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፤ በአካባቢው አማርኛ የሚያነብ አስተማሪ ስላለ እሱ ይቀጥልለታል ብዬ ነበር። አባቴ በእጁ እየዳበሰ ሄዶ አወረደውና ሻንጣዬ ውስጥ መልሶ ከተተው።

«እዚህ ከተውሽው ሌላ ሰው ይጨርስልኛል» አለ። «ይዘሽው ሂጂ። የቆምንበትን ገጽ አጥፈሽዋል?»

አጥፌዋለሁ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ አልጋዬ ራስጌ ላይ ተቀምጧል። አንድ ገጽ እንኳ ቀድሜው አላነበብኩም። ቀጣዩን የአፍደም ጉዞዬን ለፋሲካ ቆርጫለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ፈቃዴ አሥር ቀን ነው።